ሳውንድ ሞጁል ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ጄቪ-1080፣ ኤክስቪ-5080፣ ኢንተግራ-7 እና ላፕቶፕ

ሳውንድ ሞጁል ቁልፍ የሌለው ሲንተሳይዘር ነው። ራክ (የመሣሪያ መደርደሪያ) ላይ ይታሰራል፤ ከኪቦርዳችሁ በሚዲ ገመድ (የትኛው ቁልፍ እንደተመታ በሚያስተላልፈው) ትእዛዝ ተቀብሎ ድምፁን ራሱ ያወጣል። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት የሰለቻችሁ ነገር ምን እንደሆነ ለዩ። የኪቦርዳችሁ ቁልፍ ተመችቷችሁ ድምፁ ብቻ ካስጠላችሁ፣ ሞጁል ለእናንተ ነው። የሰለቻችሁ ሪትሙና ስታይሉ (ኪቦርዱ ራሱ የሚመታው አጃቢ) ከሆነ ግን ተዉት። ከዚህ በታች ካሉት ሞጁሎች አንዱም ስታይል የለውም።

ሦስቱም የሮላንድ ናቸው። ጄቪ-1080 የወጣው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ ዛሬም አይጠፋም። ፓዱ፣ ስትሪንጉ፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖው አሁንም ጆሮ ይይዛል። የ90ዎቹን ቀለም ለሚወድ ሰው ምትክ የለውም ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ አቅሙ ላይ ነው። ወረቀቱ በአንድ ጊዜ 64 ድምፅ ይላል። ነገር ግን አንድ ፓች (ከሞጁሉ የምትመርጡት አንድ ድምፅ) እስከ 4 ቶን፣ ማለትም 4 የድምፅ ንብርብር፣ ደርቦ ሊይዝ ይችላል። አራቱንም የሚጠቀም ወፍራም ስትሪንግ ከመረጣችሁ የሚቀራችሁ 16 ኖታ ብቻ ነው። ፔዳል ረግጣችሁ በሁለት እጅ ስትጫወቱ ቀድመው የተመቱት ኖታዎች ይቆረጣሉ። ሌላም አለ። ከሪቨርብና ከኮረስ ውጪ ያለው ኢፌክት (የድምፅ ማሳመሪያ) አንድ ብቻ ነው። ለብቻው ሲሰማ የሚያምር ፓች ከሌሎች ጋር ሲቀላቀል የሚደርቀው አንዱን ኢፌክት ስለሚሻሙ ነው። በ1997 የመጣው ጄቪ-2080 እንዲህ ያለ ኢፌክት ሦስት አለው፤ የተጨማሪ ድምፅ ቦርድ መሰኪያውም ከ4 ወደ 8 አድጓል። ዋጋቸው ከተቀራረበ ሳታመነቱ 2080ን ውሰዱ።

ኤክስቪ-5080 ሌላ ጉዳይ ነው። አቅሙ በአንድ ጊዜ ወደ 128 ድምፅ ማደጉ ብቻ አይደለም የሚያስመርጠው። ትልቁ ነገር የራሳችሁን ናሙና (ከመሣሪያ የቀዳችሁትን ድምፅ) ማስገባት መቻሉ ነው። ለእኛ ሙዚቃ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የማሲንቆ፣ የክራር ወይም የዋሽንት ድምፅ በደንብ ቀድታችሁ ከሆነ በቁልፍ ልትጫወቱት ትችላላችሁ። ፈተናው የገባው ድምፅ ጊዜያዊ ሜሞሪ ላይ መቀመጡ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር እንደገና መጫን አለባችሁ። የሚጭንበት ካርድ ስማርትሚዲያ የሚባለው አሮጌ ዓይነት ነው፤ ዛሬ ፈልጎ ማግኘቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሰርግ መሀል ላይ ይሄን የምትወጡት አይመስለኝም። ስቱዲዮ ውስጥ ግን ይቻላል።

ኢንተግራ-7 በ2012 የወጣ ነው። ከሦስቱ ውዱም አስተማማኙም እሱ ነው። እሱም በአንድ ጊዜ 128 ድምፅ ያወጣል። 16ቱ ፓርቶች (አብረው የሚጫወቱ የድምፅ መስመሮች) እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኢፌክት ስላላቸው ለብቻው ያማረው ድምፅ ባንዱ ውስጥም ያምራል። ለኤክስቪ ቦርድ በቦርድ ይገዙ የነበሩት 12ቱ ኤስአርኤክስ የሚባሉት ተጨማሪ የድምፅ ስብስቦች እዚህ ውስጥ አሉ። በአንድ ጊዜ የሚጫኑት ግን ቢበዛ 4 ናቸው፤ መጫኑም ጊዜ ይወስዳል። መድረክ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ምርጫችሁን ጨርሱ። በዩኤስቢ ድምፁን በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር መቅዳት ይቻላል። የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው፦ የራስን ናሙና አይቀበልም። ማሲንቆ ከፈለጋችሁ እሱ ጋ አታገኙትም።

ቅኝት ላይ ግን ሦስቱም ይረዳሉ። የ12ቱን ኖታዎች ከፍታ አንድ በአንድ ጥቂት ማንሳትና ማውረድ ይቻላል። አንቺሆዬ በፒያኖ ልክ ሲመታ የሚጎረብጠው ሰው ይህን ቦታ ይወደዋል። ቤዙና ጊታሩ ባሉበት እንደሚቆዩ ግን አትርሱ፤ ሞጁሉን ብቻ ብታስተካክሉ መጋጨቱ አይቀርም።

ላፕቶፕስ? ቤት ውስጥ ለምታቀናብሩ እኔ የምመክረው እሱን ነው። በቂ አቅም ያለው ማሽንና ደህና ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ድምፅን ከኮምፒውተር የሚያስወጣና የሚያስገባ ሳጥን) ካላችሁ፣ የራሳችሁን ክራር ጭምር ያለ ጣጣ ትጫወታላችሁ። መድረክ ላይ ግን ሞጁል ይሻለኛል። ስታበሩት ይነሳል፤ አፕዴት ልጫን ብሎ መሀል ላይ አያቆማችሁም። በየሳምንቱ ከባንድ ጋር የምትሠሩ ከሆነ ኢንተግራው ዋጋውን ይመልሳል።

ያገለገለ ስትገዙ ጀርባውን አዙራችሁ ቮልቴጁን አንብቡ። ለጃፓን የተሠራው 100፣ ለአሜሪካ የተሠራው 120 አካባቢ ነው፤ እኛ ጋ ያለው 220 ነው። ዘመድ ከውጭ ያመጣውን ሳታዩ እንዳትሰኩት። ጄቪና ኤክስቪ ከሆነ ውስጡ ያለውን ባትሪም ጠይቁ፤ ሲሞት ያስቀመጣችኋቸው ፓቾች ይጠፋሉ። ዳያሉ ሳይዘል መዞሩን፣ ስክሪኑ አለመደብዘዙን እዩ። እያንዳንዱን አውትፑት በስፒከር አሰሙ።

ኪቦርዳችሁንም ፈትሹ። ባለ 5 ቀዳዳው ክብ ሚዲ አውት አለው? ብዙ አዳዲስ ርካሽ ኪቦርዶች ያላቸው ዩኤስቢ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በቀጥታ ከሞጁል ጋር አይገናኝም። የኢንተግራው ዩኤስቢም ቢሆን የተሠራው ለኮምፒውተር ነው። መሀል ላይ ዩኤስቢ ሆስት የሚሆን (የኪቦርዱን ዩኤስቢ ተቀብሎ ወደ ሚዲ የሚያሳልፍ) ሳጥን ወይም ኮምፒውተር ያስፈልጋችኋል፤ ሂሳቡን ስትሠሩ እሱንም ደምሩ።