"እህቴ" ብሎ ጀምሮ "ሴትዮ" ብሎ የሸኘኝ ትኬት ቆራጭ

ወገን፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ። ስሙን አልጠራም፣ ባንክ የከፈትኩት ዲስፒዩት (ክፍያውን የተቃወምኩበት ክርክር) እስኪያልቅ ዝም በይ ተብያለሁ፣ ግን ባልጠራውም ታውቁታላችሁ። ያው ፌስቡክ ላይ አውሮፕላንና ጀበና አንድ ላይ ለጥፎ "በአማርኛ እናስተናግዳለን፣ ከሁሉም በታች ዋጋ" የሚለው ዓይነት ነው። ዌብሳይት አለው፣ ስልክ አለው፣ ቢሮ የለውም። እዚህ ዲሲ አካባቢ ያለን ሰዎች አንድ ጊዜ ያልደወልንለት ያለን አይመስለኝም።

ጥር ላይ የታናሽ ወንድሜ ሰርግ ነው፣ ባህር ዳር። ኖቬምበር 30 ማታ ሥራ ላይ፣ የእራት ብሬኬን ወጥቼ (ነርሲንግ ሆም ነው የምሠራው፣ ብሬክ ማለት 30 ደቂቃ ናት) ስልኬን ከፍቼ ሳይ ከደለስ ኤርፖርት አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 1,480 ዶላር ይላል። ለጥር! ሌላው ሁሉ ከ1,700 በላይ ሲለኝ ሰንብቷል። ምስሬን ማይክሮዌቭ ውስጥ ከትቼ ቁጭ አልኩና ስሜን እንደ ፓስፖርቴ ሞላሁ፣ ዴቢት ካርዴን አስገባሁ፣ አዎ ዴቢት፣ አውቃለሁ፣ አትስደቡኝ፣ እኔው ራሴን ስሰድብ ነው ሁለት ቀን ያለፈኝ። ክፈል የሚለውን ስነካው ዞረ ዞረና በቀይ "ቢሊንግ አድሬስዎ ከካርድዎ ጋር አይመሳሰልም" አለኝ። የአፓርትመንት ቁጥሬን ስላልጻፍኩ ነው ብዬ ጨምሬ ደገምኩት። ቀይ። የመንገዱን ስም አሳጥሬ ለሶስተኛ ጊዜ ሞከርኩ። ቀይ።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኬ ጠራ።

"እህቴ ሰላም ነሽ? ትኬት ልትቆርጪ ስትሞክሪ አይቼ ነው፣ ካርድሽ አስቸገረሽ አይደል?"

እኔ ደግሞ የአገሬን ሰው ድምፅ ስሰማ እንዴት ደስ አለኝ መሰላችሁ። እንዴት አየኸኝ፣ ስልኬን ከየት አመጣኸው፣ ማን ይጠይቅ። አይዞሽ የኔ እናት፣ ይሄ ካርድ ቬሪፊኬሽን የሚባል ነገር ነው፣ ለራስሽ ደህንነት ነው፣ እኔ ከዚህ በማንዋል አስገባልሻለሁ፣ ብቻ የካርዱን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሺና መንጃ ፈቃድሽን ጨምረሽ በቴክስት ላኪልኝ አለኝ። ላክሁ። ጀርባውን ከነሶስት ቁጥሩ፣ ብርሃኑ እንዳያንጸባርቅ ብዬ እንኳን አዘንበል አድርጌ አጥርቼ ነው ያነሳሁለት። ከዚያ "ከሲልቨር ስፕሪንግ በፊት የት ነበርሽ?" አለኝ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አልኩት። "ዚፕ ኮዱ?" የሰፈሩን የፖስታ ቁጥር ማለቱ ነው፣ 22304። "በቃ እህቴ፣ ይኸው ገባ፣ አየሽ? አንድ ፎርም ልኬልሻለሁ፣ ጣትሽን ብቻ አሳርፊበት፣ ፎርማሊቲ ነው።"

ይቺን ደቂቃ ሁለት ቀን ሙሉ ከፊቴ ልትጠፋልኝ አልቻለችም። ማይክሮዌቩ እየዞረ ነው፣ 40 ሰከንድ ይቀረዋል። የሥራ ባልደረባዬ አንገቷን በበሩ አስግጋ "ሩም 14 ትፈልግሻለች" ትለኛለች። ፎርሙ በስልኬ ተከፈተ፣ ፊደሉ የጤፍ ፍሬ ያክላል፣ በአውራ ጣቴ ወደ ታች ገፋሁት፣ ገፋሁት፣ ቢጫ ሳጥን መጣ፣ በጣቴ ፈረምኩ። ፊርማዬ ትል ይመስላል። "ጎበዝ!" አለኝ ሰውየው። ጎበዝ!

ወዲያው ስልኬ ነዘረኝ፣ የባንኬ አለርት ነው። 1,480 መስሎኝ ሳየው 310 ዶላር ይላል።

"ወንድሜ፣ ይሄ 310 ምንድነው?"

ዝም። ኪቦርድ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ከሱ ኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ለሌላ ሰው "አይዞሽ እህቴ፣ ቬሪፊኬሽን ነው" ሲል ሰማሁ። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ቃል በቃል፣ በዚያው ዜማ። ያኔ ነው ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ዱብ ያለው።

"ሰርቪስ ፊና የካርድ ቬሪፊኬሽን ፊ ነው።"
"ትኬቱስ?"
"ትኬቱ ዲክላይን አደረገ። ካርድሽ ላይ በቂ ብር የለም።"
"እንዴት አይኖርም? 6,100 ዶላር ነበረኝ እኮ!"
"እሱን ባንክሽን ጠይቂ።"
"እሺ በቃ ተወው፣ ትኬቱን አልፈልግም፣ 310ዬን መልስልኝ።"
"አይመለስም፣ ፈርመሽበታል።"
"አላነበብኩትም፣ ፎርማሊቲ ነው አላልከኝም እንዴ?"

ይሄኔ ድምፁ ተቀየረ። ሌላ ሰው የመጣ ነው የመሰለኝ። "ስሚ ሴትዮ" አለኝ፣ "አሜሪካ ከገባሽ ስንት ዓመትሽ ነው? እንግሊዝኛ ማንበብ ካልቻልሽ ልጆችሽን አስነብቢያቸው።" ከኋላው የሳቀ ሰው አለ። ልጅም የለኝ እኮ! ይሄን ልመልስለት ስል ዘጋው። ማይክሮዌቩ ጮኸ፣ ምስሬን ሳልበላው ደፋሁትና ሩም 14 ሄድኩ።

ሥራ ስጨርስ ባንኬ ደወልኩ፣ 40 ደቂቃ ሙዚቃ ካስኮመኮሙኝ በኋላ አንዲት ልጅ አነሳች፣ ጥሩ ልጅ ናት፣ ቀስ ብላ ነው ያስረዳችኝ። እኔ ሶስቴ ዲክላይን ሆነ ያልኩት ካርድ ለካ ባንኬ ዘንድ ሶስቴም እሺ ተብሏል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሱቁ ካርዴን ሲልክ ባንኩ በአንድ ትንፋሽ ሁለት መልስ ነው የሚሰጠው፣ አንደኛው ብር አለ ወይስ የለም፣ ሁለተኛው አድራሻው ይገጥማል ወይስ አይገጥምም። ይሄን ሁለተኛውን ኤቪኤስ ይሉታል። የሚያየው ደግሞ ቁጥር ቁጥሩን ብቻ ነው፣ የቤት ቁጥርና ዚፕ ኮድ፣ የመንገዱን ስም እኔ ባሳጥረው ባስረዝመው ጉዳዩም አይደል። ብሩ አለ፣ አድራሻው አይገጥምም ብሎ ሲመልስ እምቢ ያለኝ ዌብሳይቱ ነው፣ ባንኩ ግን ብሩን አንዴ ይዞታል። 1,480 ሶስት ጊዜ፣ 4,440 ዶላር ፔንዲንግ ተንጠልጥሎ አካውንቴ ላይ 1,660 ነው የቀረኝ። እሱ 310 ሲወስድ 1,350። ለ1,480 ትኬት የሚበቃ ብር የጠፋው ለዚህ ነው! ሰውየው ይሄን አጥቶት ነው? ሥራው አይደል? የድሮ ዚፕ ኮዴን ሰጥቼው ካርዱ እሺ ሲለው መጀመሪያ ትኬቱን መቁረጥ ይችል ነበር፣ እሱ ግን ቅድሚያ የራሱን ነው የነጨው።

አሁን ወደ ጅልነቴ። ከአሌክሳንድሪያ የወጣሁት ኤፕሪል ላይ ነው። ፖስታ ቤት አድራሻ ቀይሬያለሁ፣ መንጃ ፈቃዴን የሜሪላንድ አድርጌያለሁ፣ መሥሪያ ቤቴ ያውቃል፣ የዕቁብ ሰብሳቢያችን እንኳን አዲሱን ቤቴን ታውቀዋለች፣ ቡና ጠጥታበታለች። ባንኬ ብቻ አያውቅም። ስቴትመንት በወረቀት ስለማይመጣልኝ ትዝም ብሎኝ አያውቅ፣ ፖስታ ቤት ስቀይር ሁሉም ጋ የተቀየረ መስሎኝ። የሚያናድደኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ ነዳጅ ማደያ ማሽኑ ዚፕ ኮድ ሲጠይቀኝ ጣቴ ከልማድ 22304 ነው የሚነካው፣ ሰባት ወር ሙሉ፣ ሁሌም ይቀበለኛል፣ አንድ ቀን "ቆይ እንጂ፣ እኔ እኮ አሁን 20910 ነኝ" ብዬ አላውቅም። መልሱ በየሳምንቱ ነዳጅ ማደያ ላይ ሲነግረኝ ነበር። ሌሎች ኦንላይን ሱቆችስ እንዴት አለፉኝ ብዬ የባንኳን ልጅ ስጠይቃት አድራሻ ባይገጥም ማሳለፍም መመለስም የሱቁ ፈንታ ነው አለችኝ፣ ባንኩ ይነግራቸዋል እንጂ አያዛቸውም። ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ይሄን ሳወራት ሳቀች፣ እዚያ ዚፕ ኮድ የሚባል ነገር ከነጭራሹ የለም፣ የአሜሪካ ሱቅ ሲጠይቃት ዜሮ በዜሮ ሞልታ ነው የምታልፈው። እኔ በትክክለኛ አድራሻዬ ተቃጠልኩ።

በማግስቱ ዲሴምበር 1 የቤት ኪራይ በኦቶፔይ ሊወጣ ሲል 1,575 አጥቶ ተመለሰ፣ ለተመለሰበት 35 ዶላር ተጨመረብኝ። ሊዚንግ ኦፊስ፣ የአከራዮቹ ቢሮ ሄጄ ፔንዲንጉን በስልኬ እያሳየሁ ስለማመጥ አስቡት እስኪ። የተያዘው ብር ከ3 እስከ 7 የሥራ ቀን ይፈጃል ተብያለሁ፣ እስከዛ ብድር ነው።

ጠዋት አየር መንገዱ ጋ ደወልኩ፣ ሰውየው ያን ማታ ከፎርሙ ጋር የላከልኝን የቡኪንግ ኮድ፣ ስድስት ፊደል ናት፣ ሰጠኋቸው። "ሪዘርቬሽን አለሽ፣ ትኬት ግን አልተቆረጠልሽም" አሉኝ። ያቺ ስድስት ፊደል ወንበር ተይዟል ከማለት በቀር ምንም አይደለችም፣ ያልተከፈለበት ሪዘርቬሽን በራሱ ጊዜ ይሰረዛል። የተቆረጠ ትኬት 13 አሃዝ ቁጥር አለው፣ የኢትዮጵያ ከሆነ በ071 ይጀምራል። የኔ ምንም የለውም። እኔ ሞኟ ማታውን፣ ገና 310ሩን ሳላይ፣ የኮዷን ስክሪንሾት ለወንድሜ ልኬለት "እህቴ መጣችልኝ" ብሎ ለሰርግ ኮሚቴው ሁሉ አሰራጭቶታል።

እንደገና ለሰውየው ደወልኩ። ፌሩ በ240 ጨምሯል ይለኛል፣ ያለምንም እፍረት። 24 ሰዓት ሳይሞላ ካንስል ካደረግኩ ሙሉ ብሬ ይመለሳል የሚል የአሜሪካ ሕግ አለ አልኩት፣ ሌሊቱን ሳነብ ነው ያደርኩት። "እሱ ለአየር መንገዶች እንጂ ለኛ ለኤጀንቶች አይደለም፣ ደህና አድርገሽ አንብቢ" አለኝ። የሚያቃጥለው፣ ልክ ነው! ተመልሼ ሳነበው ሕጉ አየር መንገዶቹን እንጂ ኤጀንቶችን አያስገድድም። ይሄን ሕግ ከኔ በላይ ያውቀዋል፣ እንጀራው ነው።

ዲስፒዩት ስከፍትም ያው ነው። ካርዴ ተሰርቆ ቢሆን ቀላል ነበር አሉኝ፣ አንቺ ግን ፈርመሻል፣ ፎርሙንና የመንጃ ፈቃድሽን ፎቶ ይዞ ይቀርባል። ለካ ያ ሁሉ ፎቶ ለኔ ደህንነት ሳይሆን ለሱ መከላከያ ነበር! ፎርሙን አሁን ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ አራተኛው አንቀጽ ላይ "ትኬቱ ቢቆረጥም ባይቆረጥም የማይመለስ" ይላል፣ እዚያው ለካርዱ ጀርባ ሶስት ቁጥር ማስቀመጫ ሳጥን አለው። የባንኳ ልጅ ይሄን ስነግራት "ምን?" አለች፣ ያንን ቁጥር ክፍያው ካለፈ በኋላ ማንም ሱቅ ማስቀመጥ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ካርዴም ተዘጋ፣ አዲሱ በፖስታ እስኪመጣ ካርድ የለኝም። ወደየትኛው አድራሻ እንላከው ስትለኝ ሳቄም ለቅሶዬም አንድ ላይ መጣ።

እና በቃ፣ ቤት ከቀየራችሁ ዛሬ፣ አሁን፣ የባንካችሁን አፕ ከፍታችሁ አድራሻችሁን እዩት። አድራሻ አይገጥምም ካላችሁ ሁለተኛ አትሞክሩ፣ በሞከራችሁ ቁጥር ብራችሁ ሊታሰር ይችላል። ትኬት በክሬዲት ካርድ ግዙ፣ የሚያዘው የባንኩ ብር እንጂ የቤት ኪራያችሁ አይሆንም፣ ያልተሰጣችሁን ነገር ደግሞ ስቴትመንት ከወጣ በ60 ቀን ውስጥ መከራከር ትችላላችሁ፣ በፈረንጅ ከ1974 ጀምሮ ያለ የአሜሪካ ሕግ ነው። የካርድ ጀርባ ፎቶ ለማንም። በአማርኛ ለሚያወራም።

ይሄን እየጻፍኩ ቴክስት ገባልኝ፣ ከሱ ነው። "እህቴ ሰላም ነሽ? ፌሩ ወርዷል፣ በሌላ ካርድ ልንሞክርልሽ እንችላለን።"