የአርባ ምንጭ አዞ እርባታ፦ ከጀልባው ይልቅ እኔ የወደድኩት

ሰሞኑን ከቤተሰብ ጋር አርባ ምንጭ ሄደን ነበር። የጠየቅነው ሰው ሁሉ «ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ወጥታችሁ የአዞ ገበያን እዩ» ነው ያለን፤ ገበያ የሚሉት አዞዎች ተሰብስበው ፀሐይ የሚሞቁበትን የሐይቁን ዳር ነው። ወጣን፣ አየን፣ ያምራል። እኔን ግን የገረመኝ አባያ ሐይቅ አጠገብ ያለው የአዞ እርባታ ነው።

አዞዎቹ በዕድሜ ተለያይተው ነው ያሉት። አንዱ ጋ ክንድ የማያክሉ ጫጩቶች ተደራርበዋል፣ ሌላው ጋ ደግሞ እንደ ወደቀ ግንድ የተጋደሙ ትልልቆች አሉ። ከግንቡ ማዶ ሆናችሁ እስኪበቃችሁ ታያላችሁ።

አስጎብኚያችን ጎበዝ ነው። ትምህርት ቤት ስለ ደንደሴ (ባለ አከርካሪ) እንስሳት ስንማር «ገበሎ አስተኔ (እነ አዞ፣ እባብና እንሽላሊት) ደመ ቀዝቃዛ ነው» የምትለዋን ሸምድደን ነው ያለፍነው፣ እኔም እስከ ዛሬ አዞ ብነካ በረዶ የምነካ ይመስለኝ ነበር። ለካ እንደዛ አይደለም። እኛና ወፎች ከምንበላው ምግብ ሙቀት እናመነጫለን፤ አዞ ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ነው። ሲበርደው ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲሞቀው ውሃ ይገባል ወይ አፉን ይከፍታል። ያ አፉን በልቅጦ ሊበላን ነው ያልነው አዞ ሙቀቱን እያስወጣ ነበር! ሰውነቱን ለማሞቅ ምግብ ስለማያቃጥልም ትልቁ አዞ ወራት ሳይበላ ሊቆይ ይችላል። እኔ ቁርስ ካለፈኝ ሰው አላናግርም።

ልጄ ትንሿን አዞ እንድትነካ ተፈቀደላት። «እንዴ፣ ደረቅ ነው!» አለች። እሷ የጠበቀችው እንደ እንቁራሪት የሚያሟልጭ ነገር ነበር። እንቁራሪት በቆዳዋም ስለምትተነፍስ እርጥብ መሆን አለባት። የአዞ ቅርፊት ግን ጥፍራችን ከተሠራበት ነገር ነው፣ ውሃ አያባክንም፣ ትንፋሹም ከተፈለፈለበት ቀን ጀምሮ በሳንባ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ሲውል ብታዩትም እንደ አሳ ስንጥብ የለውም፣ አየር ለመሳብ የግድ ብቅ ይላል።

እንቁላሉ ነው ግን ጉዱ። አሳና እንቁራሪት ቅርፊት የሌለው እንቁላል ውሃ ውስጥ ይጥላሉ፤ አዞ ባለ ቅርፊት እንቁላሏን ዳር ላይ ቆፍራ ትቀብርና ሦስት ወር ገደማ ትጠብቃለች። ከዛ ጫጩቱ ወንድ ይሁን ሴት የሚወስነው የጉድጓዱ ሙቀት ነው! ከ31 ዲግሪ በታች ከሆነ ሴት ይሆናል፣ ወደ 33 ሲጠጋ አብዛኛው ወንድ። ባለቤቴ ይሄን ሁለቴ አስደግሞ ነው ያመነው።

ሌላም አለ። የእንሽላሊት፣ የእባብና የኤሊ ልብ ሦስት ክፍል ነው፣ የአዞ ግን እንደኛና እንደ ወፎች አራት። በዝምድናም ከእንሽላሊት ይልቅ ለዶሮ ይቀርባል። ይሄን ልጄ ባትሰማ ይሻል ነበር፣ ማታ ዶሮ ወጥ ሲቀርብ «የአዞ ዘመድ አልበላም» ብላ አሳ አስጠበሰችን።

ከመሄዳችሁ በፊት፦ አዞ ያለበት ቦታ ይሸታል፣ እወቁት። አዞዎቹ የሚረቡት ለቆዳቸው ነው፣ ስለዚህ ልጆች «ሲያድጉ የት ይሄዳሉ?» ሲሏችሁ የምትሉትን አስቡበት። ቀትር ላይ አትሂዱ፣ እኛ ተቃጥለናል። ባጃጅ ደግሞ ሳትሳፈሩ ዋጋ ተስማሙ፤ የኛው ባለ ባጃጅ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖብን ነበር።