ጥሩ ማርቲኒ የት ይገኛል? የሆቴል፣ የኮክቴል፣ የሬስቶራንትና የሰፈር ባር ጎን ለጎን

ማርቲኒ ጥፋት የሚደበቅበት መጠጥ አይደለም። ጂን፣ ደረቅ (ጣፋጭ ያልሆነ) ቨርሙት የሚባል የተቀመመ ወይን፣ በረዶ፣ ከላይ የሎሚ ልጣጭ ወይም የወይራ ፍሬ፤ በቃ። ስኳር የለውም፣ ጭማቂ የለውም፣ ክሬም የለውም። ብርጭቆው ከሞቀ፣ ቨርሙቱ ከከረመ፣ በረዶው ውሃ ካዘለ፣ በመጀመሪያው ጉንጭ ይታወቃል።

ስለዚህ ጥሩ ማርቲኒ የሚፈልግ ሰው ከጂኑ በፊት ባሩን ቢመርጥ ይሻለዋል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ውድ ጂን በስም ጠርቶ ያዝዛል፣ ለብ ያለ ነገር ይቀርብለታል፣ ሂሳቡን ከፍሎ "ማርቲኒ ለእኔ አይሆንም" እያለ ይወጣል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ችግሩ የቤቱ እንጂ የመጠጡ አልነበረም።

በምን እንመዝናቸው?

ሁለት ነገር ይበቃናል፤ ቅዝቃዜና ቨርሙት።

በደንብ የተማሰለ ማርቲኒ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል። ከሚቀልጠው በረዶ የሚገባው ውሃም የመጠጡ አካል ነው። ብርጭቆው ውስጥ ካለው አንድ አምስተኛ የሚሆነው ከበረዶው የመጣ ውሃ ነው። እሱ ባይኖር ጂኑ ምላስ ያቃጥላል። ሲበዛ ደግሞ መጠጡ ይቀጥናል። ባርማኑ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በጥሞና የሚያማስለው ይህን ልክ ለማግኘት ነው።

ቨርሙት ግን ብዙ ባሮች የሚወድቁበት ፈተና ነው። ቨርሙት በዕፅዋትና በቅመም የተቀመመ፣ ተጨማሪ አልኮል የገባበት ወይን ነው። ጥንካሬው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 በመቶ ነው። እንደማንኛውም ወይን ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ አየር ያበላሸዋል። ፍሪጅ ውስጥ ከገባ አንድ ሁለት ወር ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። መደርደሪያ ላይ፣ መብራት ስር ከከረመ ግን የደከመና የሻገተ ወይን ይመስላል። "ቨርሙት አልወድም፣ ጠብታ ብቻ አድርግልኝ" ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ ትኩስ፣ ማለትም አዲስ የተከፈተ፣ ቨርሙት ቀምሰው የሚያውቁ አይመስለኝም። ትኩሱ የአበባና የዕፅዋት ሽታ አለው፤ ከጂኑ የጥድ ፍሬ ጠረን ጋር ሲገናኝ ጂኑ ብቻውን የማይሰጠውን ነገር ይሰጣል።

አሁን ወደ ባሮቹ እንሂድ።

የሆቴል ባርና የኮክቴል ባር

በታወቁ ሆቴሎች ውስጥ ያሉ ባሮች የማርቲኒ የቆዩ ቤቶች ናቸው። ባርማኖቹ ሠልጥነዋል፣ ወንበሩ ይመቻል፣ ሙዚቃው አይጮህም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማርቲኒ የሚያዝዝ እንግዳ አይጠፋም። ማርቲኒ በየምሽቱ የሚሠራ እጅና በወር አንዴ የሚሠራ እጅ አንድ አይደሉም።

የሆቴል ባር ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ለንደን ውስጥ ያሉ ሁለት ዝነኛ ባሮችን እንይ። ዱክስ ሆቴል ውስጥ ጂኑ ከፍሪዘር ይወጣል፣ ጥቂት ቨርሙት በነካው ብርጭቆ ውስጥ በቀጥታ ይቀዳል። አይማሰልም፤ ስለዚህ ከበረዶ የሚገባ ውሃ የለም። እጅግ ቀዝቃዛ፣ እጅግ ጠንካራ ነው። ለዚህም ነው ቤቱ ለአንድ ሰው ከሁለት በላይ የማይሸጠው። ኮናውት ባር ውስጥ ደግሞ ጋሪ እየተገፋ ጠረጴዛችሁ ድረስ ይመጣል። የተለያዩ ቢተሮችን (በጠብታ የሚጨመሩ መራራ የዕፅዋት ቅመሞችን) አሽትታችሁ ትመርጣላችሁ፣ መጠጡ ዓይናችሁ እያየ ይማሰላል። ይህ ባር በ2020 እና በ2021 የዓለም ምርጥ 50 ባሮች ዝርዝር ላይ አንደኛ ወጥቷል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የዱክሱ ማርቲኒ፣ ጂን በጣም ለሚወድ ሰው ነው። እኔ ብመርጥ የተማሰለውን እመርጣለሁ፤ ውሃው ሲገባ የጂኑ ጠረን ይከፈታል።

የሆቴል ባር ድክመቱ የሚታየው ባሩ ሎቢው ጥግ ላይ የተለጠፈ ሲሆን ነው። አንድ ባርማን ቡና ያፈላል፣ ቢራ ይቀዳል፣ ለክፍል የታዘዘውን ያዘጋጃል። እንዲህ ያለ ቦታ ማርቲኒው ትልቅ አፈ ሰፊ ብርጭቆ ሙሉ ሆኖ ይመጣል። ሲያዩት ያምራል። ግማሹ ላይ ሳትደርሱ ግን ይሞቃል። ትንሽ ብርጭቆ ያለው ባር ሁልጊዜ ይሻላል።

በኮክቴል ላይ ያተኮረ ባር ደግሞ በቨርሙቱ ይበልጣል። ጠርሙሱ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ብርጭቆው ቀድሞ ቀዝቅዟል። በረዶው ትልቅ፣ ጠንካራና ደረቅ ነው፤ ቶሎ አይቀልጥም። ሁሉም ነገር በመለኪያ ይለካል። ባርማኑ በዓይን ግምት ሲቀዳ ደስ የሚላቸው ሰዎች አሉ፤ ተጨማሪ ጂን ያገኙ ይመስላቸዋል። ማርቲኒ ውስጥ ግን የአምስት ሚሊ ሊትር ቨርሙት ልዩነት ጣዕሙን ይቀይራል። የሚለካ ባርማን ነገም ያንኑ ማርቲኒ ይሰጣችኋል።

እዚህ የሚያሰጋው ነገር ሌላ ነው። ኮክቴል ባሮች የራሳቸውን ፈጠራ ይወዳሉ። "የቤቱ ማርቲኒ" የሚባለው የወይራ ዘይት፣ የባሕር አረም ወይም ሌላ ያላሰባችሁት ነገር ሊገባበት ይችላል። አንዳንዱ በጣም ግሩም ነው። የተለመደውን ፈልጋችሁ ከመጣችሁ ግን በግልጽ ተናገሩ፦ "ጂን፣ ደረቅ ቨርሙት፣ የተማሰለ።" ባርማኑ ቀድሞ ተቀላቅሎ ፍሪዘር ውስጥ ከተቀመጠ ጠርሙስ ቢቀዳላችሁም ቅር አይበላችሁ። ውሃው በልኩ ተጨምሮበት የተዘጋጀ ከሆነ እጅግ ቀዝቃዛና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ባሩ በሰው ሲጨናነቅ እንዲያውም በችኮላ ከተማሰለው ይህኛው ይሻላል።

ሁለቱን ላወዳድር ከተባለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማርቲኒ ለሚቀምስ ሰው ኮክቴል ባሩን፣ ሥራ ባልበዛበት ሰዓት፣ እመክራለሁ። ጊዜ ወስዶ የሚያስረዳችሁ ባርማን አለ፣ ቨርሙቱ አያሰጋም። ለመነጋገርና ረጋ ብሎ ለመጠጣት ከሆነ ደግሞ ሆቴሉ።

የሬስቶራንት ባር

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ያለ ምክንያት ነው። ጥሩ ወይን የሚያቀርብ ሬስቶራንት ለነጭ ወይኑ ሲል ከባሩ አጠገብ ፍሪጅ አለው፤ ቨርሙቱም እዚያው ይቀመጣል። ወይን የሚያውቅ ሠራተኛ የተከፈተ ቨርሙት መደርደሪያ ላይ አይተውም። በዚያ ላይ ደረቅ ቨርሙት ለዓሣ ሶስ ስለሚሆን ወጥ ቤቱም ይፈልገዋል። ጠርሙሱ ቶሎ ያልቃል፣ አዲስ ይከፈታል። ከደቡብ ፈረንሳይ የሚመጣው፣ ቅመራው እ.ኤ.አ. በ1813 የተጀመረው ኖይሊ ፕራት የተባለው ደረቅ ቨርሙት በወጥ ቤትም በባርም የሚገኝ ጠርሙስ ነው። ከፈረንሳይዋ ሻምቤሪ ከተማ የሚመጣውን ዶላን የተባለ ቨርሙትም ካያችሁ ጥሩ ምልክት ነው።

የሬስቶራንት ባር አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። ባርማኑ ለጠረጴዛዎች ሁሉ ስለሚሠራ የተቀዳው ማርቲኒ አስተናጋጅ እስኪያነሳው ቆሞ ይጠብቃል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆሞ የመጣ ማርቲኒ ቅዝቃዜው ተሰብሯል። መፍትሔው ቀላል ነው። ባንኮኒው ጋ ተቀመጡ። ከባርማኑ እጅ በቀጥታ ስትቀበሉ ይህ ባር ከጥሩ ኮክቴል ባር ብዙም አያንስም፤ አብዛኛውን ጊዜም ግርግር የለውም።

የሰፈር ባር

ቢራና መለኪያ የሚሸጥበት ቤት ለማርቲኒ አልተዘጋጀም። አለመዘጋጀቱም ጥፋት አይደለም። ቨርሙቱ የሚነካው አልፎ አልፎ ስለሆነ መቼ እንደተከፈተ የሚያስታውስ ላይኖር ይችላል። እዚህ ጂን በቶኒክ ብታዙ ትጠቀማላችሁ። ማርቲኒ ካላዘዝኩ የሚል ሰው የወይራ ጨው ውሃ የሚገባበትን፣ ደርቲ የሚባለውን፣ በቮድካ ይዘዝ። ጨው ውሃው የደከመውን ቨርሙት ይሸፍነዋል። ጥራት ያለው ማርቲኒ ጠጣሁ ግን አይበል።

ከማዘዛችሁ በፊት የሚታዩ ነገሮች

የቨርሙቱን ጠርሙስ በዓይናችሁ ፈልጉ። መደርደሪያ ላይ ግማሽ ሆኖ ከቆመ ጠይቁ፦ "ይቅርታ፣ የተከፈተው ቨርሙት ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው?" ጥያቄው ማንንም አያስቀይምም፤ ሥራውን የሚወድ ባርማን እንዲያውም ፊቱ ይበራል። በረዶውንም ተመልከቱ። ውሃ ውስጥ የሚዋኝ ከሆነ መጠጡን ሳያቀዘቅዝ ያቀጥነዋል።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ምልክት ግን ባርማኑ መልሶ መጠየቁ ነው። "ጂን ይሁን ቮድካ? ምን ያህል ድራይ (ቨርሙቱ ያነሰ) ይሁንልዎ? ሎሚ ወይስ ወይራ?" እነዚህን የሚጠይቅ ባር ውስጥ ተረጋግታችሁ ተቀመጡ። "ማርቲኒ" ስትሉ ምንም ሳይጠይቅ ወደ ሼከር (መጠጥ መናጫው ዕቃ) የሚሮጥ ከሆነ አስቡበት። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ "ማርቲኒ" ብቻ ካላችሁ በዚያ ስም የሚሸጠው ቨርሙት በብርጭቆ ይቀዳላችኋል። "ጂን ማርቲኒ" ብሎ ማዘዝ ከዚህ ያድናል።

የትኛው ባር ውስጥ ምን ይታዘዝ?

ቨርሙቱ ትኩስ መሆኑን ካረጋገጣችሁ አትፍሩት። ሦስት እጅ ጂን ለአንድ እጅ ቨርሙት፣ ከብርቱካን ቢተር ጠብታ ጋር፣ ኮክቴል ባር ውስጥ ልታዙት የምትችሉት ምርጥ ነገር ይመስለኛል። እኩል በእኩል የሚሠራም አለ፤ ለስለስ ይላል፣ ከምግብ በፊትም ይስማማል። ቨርሙቱን በእርግጠኝነት ካላወቃችሁት የዓለም አቀፉ የባርማኖች ማኅበር መጠን ይሻላችኋል፦ 60 ሚሊ ሊትር ጂን ለ10 ሚሊ ሊትር ቨርሙት። ሆቴል ባር ውስጥ ከዚህ ብጀምር ደስ ይለኛል።

ጂኑን በተመለከተ ከስሙ ይልቅ መለያው ላይ ያለውን መቶኛ አንብቡ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ጂን ቢያንስ 37.5 በመቶ መሆን አለበት፣ በአሜሪካ 40። አንዱ ብራንድ ራሱ እንደሚሸጥበት አገር ጥንካሬው ይለያያል። ጎርደንስ እንግሊዝ ውስጥ 37.5 ነው፣ ታንከሬ አሜሪካ ውስጥ 47.3 ነው። ደካማው ጂን ከበረዶው ውሃ ጋር ሲቀላቀል ጠረኑ ይጠፋል። 41.2 በመቶ የሆነው ፕሊመዝ መሀል ላይ ነው፤ ለጀማሪ የሚስማማ ለስላሳ ነው። ቮድካ የሚወድ ሰው ደግሞ ከጣዕም ይልቅ ቅዝቃዜንና ልስላሴን ፈልጎ ነውና ባሩን ሲመርጥ ፍሪዘሩን ያስቀድም።

የተማሰለ ወይስ የተናጠ? ሲናጥ አየርና የበረዶ ስብርባሪ ይገባበታል፣ ይደፈርሳል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ብዙ ውሃም ይጠጣል። ለደርቲ ቮድካ አይከፋም። በጂን ለሚሠራው ግን ይማሰል፤ ጥርት ብሎ ሐር የሚመስለው ያኔ ነው።

የሎሚ ልጣጩ ዘይቱ መጠጡ ላይ ተጨምቆ እንዲረጭ ጠይቁ፤ ዝም ብሎ ቢጣልበት ጥቅሙ ትንሽ ነው። ወይራው በጨው ውሃ የተቀመጠ ይሁን። በዘይት የተቀመጠው መጠጡ ላይ ቅባት ያንሳፍፋል።

መጠኑንም ልብ በሉ። 60 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ጂን ውስጥ 24 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። በእንግሊዝ አቆጣጠር ወደ ሁለት ዩኒት (የአልኮል መጠን መለኪያ) ተኩል ማለት ነው፤ ብዙ ባሮች ደግሞ ከዚህ በላይ ይቀዳሉ። መኪና ይዛችሁ አትሂዱ። ሁለተኛውን ከማዘዛችሁ በፊትም ውሃ ጠጡ።

መጠጡ ሞቆ ከመጣ፣ ከመጀመሪያው ጉንጭ በኋላ ወዲያው በትሕትና ተናገሩ። ግማሹን ጠጥታችሁ ብትመልሱት ባርማኑ የሞቀው በእናንተ እጅ ይሁን በእሱ ማወቅ አይችልም። "ይቅርታ፣ ትንሽ ሞቋል፤ በቀዘቀዘ ብርጭቆ ሊሠራልኝ ይችላል?" ማለት ይበቃል። ሥራውን የሚያከብር ባር ያለ ክርክር አዲስ ይሠራል። ፊቱን የሚያጠቁር ከሆነ ግን ቀሪውን ምሽት እዚያ ቢራ ጠጡ፣ ለማርቲኒው ሌላ ቤት ፈልጉ።