የፋብሪካ ስዊች ሲገዛ፦ የቢሮው፣ የኢንዱስትሪው ወይስ ምስክር ወረቀት ያለው?

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የማሸጊያ መስመሩን ፓናል ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት አቧራ ነው። ቀጥሎ ታይዋን ከሚባለው የከተማው ገበያ የተገዛ ባለ አምስት ፖርት (የኬብል መሰኪያ) የፕላስቲክ ስዊች፣ ማለትም የኔትወርክ ኬብሎችን የሚያገናኝ ሳጥን፣ አየሁ፤ በገመድ ከብረቱ ጋር ታስሯል። አንዱ ኬብል ማሽኑን ወደሚቆጣጠረው ኮምፒውተር፣ ወደ ፒኤልሲው፣ አንዱ ወደ ሂሳብ ክፍል፣ አንዱ ደግሞ አንቴና ወዳለው ትንሽ ሞደም ይሄዳል። ሞደሙን ልነቅል እጄን ስዘረጋ አጠገቤ የቆሙት አንጋፋ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያዙኝ።

«ልጄ፣ እሱን አትንካው። ማሽኑን የተከሉት ሰዎች ከአገራቸው ሆነው የሚገቡበት ነው።»

«መቼ መቼ ነው የሚገቡት፣ ጋሼ?»

«እሱንማ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።»

በፓናሉ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ የመግቢያ ስሙና የይለፍ ቃሉ በእስክሪብቶ ተጽፈው ተለጥፈዋል። ሁለቱም «አድሚን» ናቸው።

ፋብሪካው የጠራኝ በሦስት ፕሮፎርማ መካከል መወሰን አቅቶት ነው። የመጀመሪያው የቢሮ ማኔጅድ (አሠራሩ የሚስተካከል) ስዊች፣ ሁለተኛው የኢንዱስትሪ ማኔጅድ ስዊች፣ ሦስተኛው አይኢሲ 62443 በተባለው የኢንዱስትሪ ሳይበር ደህንነት ደረጃ የተመሰከረለት ስዊች ነበር። ግዢ ክፍሉ የመጀመሪያውን፣ ሥራ አስኪያጁ ሦስተኛውን ይፈልጋሉ። ሁለቱም ያልጠየቁት ጥያቄ ግን አለ፦ የዚህን ዕቃ አላስፈላጊ መግቢያዎች የሚዘጋውና ተዘግተው መቆየታቸውን የሚከታተለው ማን ነው?

ሙቀቱን በቅድሚያ ላንሳው፤ የድሬ ፀሐይ ሳይበር አታውቅም። የቢሮ ስዊች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከ0 እስከ 40 ወይም 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ነው። በግንቦትና በሰኔ ከውጭ 35 ዲግሪ ሲሆን፣ ኢንቨርተርና ትራንስፎርመር በታጨቀበት የተዘጋ ፓናል ውስጥ ያለው ሙቀት ከዚያ በጣም ይበልጣል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የቢሮ ስዊቾች የሚቀዘቅዙት በማራገቢያ ስለሆነ አቧራውን ራሳቸው ይስቡታል። የኢንዱስትሪው ስዊች ማራገቢያ የለውም፤ በ24 ቮልት ይሠራል፤ ብዙ ሞዴሎች ከዜሮ በታች ከ40 ጀምሮ ከዜሮ በላይ እስከ 75 ዲግሪ ይችላሉ። ሆኖም ሁሉም አይደሉም። ለምሳሌ የሞክሳ ስዊቾች መደበኛው ዓይነት እስከ 60 ዲግሪ ሲሆን፣ እስከ 75 የሚደርሰው በሞዴል ቁጥሩ መጨረሻ «ቲ» ያለበት ነው። (ሞክሳ የታይዋን ኩባንያ ነው፤ የእኛን ታይዋን ማለቴ አይደለም።) ፕሮፎርማ ላይ ያቺ አንዲት ፊደል ብትቀር የሚመጣው ሌላ ዕቃ ነው።

ስለዚህ የቢሮው ስዊች ቦታው አየር ማቀዝቀዣ ያለው የመቆጣጠሪያ ክፍል ነው። እዚያ ከሆነ አልንቀውም፤ ደህና የቢሮ ስዊች ኔትወርክ ይከፋፍላል፣ ፖርት ይዘጋል፣ ምስጢራዊ በሆነ ግንኙነት ብቻ እንዲገባበት ማድረግም ይቻላል። ፓናል ውስጥ ግን አይግባ።

ዋናው ፉክክር በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው። ከላይ ሲታዩ መንትያ ናቸው። ሁለቱም ሳይመሰጠር ከርቀት የሚገባበትን ቴልኔት መዝጋት፣ በተመሰጠረው በኤስኤስኤች ብቻ መግባት፣ መሳሪያዎችን መከታተያ የሆነውን የቆየ ኤስኤንኤምፒ ትቶ ሦስተኛውን ስሪት መጠቀም፣ የማይሠሩ ፖርቶችን ማጥፋት ያስችላሉ። ልዩነቱ የሚታየው ከካርቶን ሲወጡ ነው። ያልተመሰከረለት ዕቃ ብዙውን ጊዜ ሁሉ ነገር ክፍት ሆኖ ይመጣል፤ የምትዘጋው አንተ ነህ። በደረጃው 4-2 በተባለው ክፍል፣ ከሁለተኛው የደህንነት እርከን ጀምሮ፣ የተመሰከረለት ዕቃ ደግሞ ተጠቃሚን በስሙ መለየት፣ የተሳሳተ የይለፍ ቃል ሲደጋገም መቆለፍ፣ ማን ምን እንደቀየረ መመዝገብ፣ የአምራቹ ፊርማ የሌለውን ፈርምዌር (ዕቃውን ከውስጥ የሚያሠራ ፕሮግራም) አለመቀበል የመሳሰሉትን ማሟላቱ በሌላ ወገን ተፈትሾለታል።

የመጨረሻዋን ነጥብ ቀላል አድርጎ የሚያያት ካለ የዩክሬንን ነገር ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2015 ማብቂያ የኤሌክትሪክ አከፋፋዮችን ያጠቁት ሰዎች 225,000 ያህል ደንበኞችን ጨለማ ውስጥ ከተቱ። ከዚያም በማከፋፈያ ጣቢያዎቹ የነበሩትን አነስተኛ የግንኙነት መቀየሪያዎች ፈርምዌር በማይረባ ኮድ ደመሰሱት። መሳሪያዎቹ ከርቀት የማይታዘዙ ግዑዝ ሳጥኖች ሆኑ፤ ሠራተኞች ጣቢያ ድረስ ሄደው በእጃቸው ነው መብራቱን የመለሱት።

ምስክር ወረቀቱ ሲቀርብ ግን በጥንቃቄ ይነበብ። «በ62443 መሠረት የተሠራ» ማለት «የተመሰከረለት» ማለት አይደለም። 4-1 የሚመሰክረው አምራቹ ምርቱን ስለሚያለማበት አሠራር ሲሆን 4-2 የሚመሰክረው ስለ ዕቃው ነው፤ አንዱን አሳይቶ ሌላውን የሚሸጥ ነጋዴ አጋጥሞኛል። የሞዴል ቁጥሩ፣ የፈርምዌሩ ስሪትና የደህንነት እርከኑም ይታይ። እርከኖቹ አራት ናቸው፦ አንደኛው ካለማወቅ ከሚደርስ ጥፋት፣ ሁለተኛው በቀላል ዘዴ ሆን ብሎ ከሚያጠቃ ሰው፣ ሦስተኛውና አራተኛው የኢንዱስትሪ ዕውቀትና አቅም ካለው አጥቂ ለመከላከል ነው። ለአብዛኛው የማሸጊያ ወይም የስፌት ፋብሪካ ሁለተኛው ይበቃል። ለኔ ከወረቀቱ ይልቅ የሚያጓጓኝ 4-1 አምራቹ ላይ የሚጥለው ግዴታ ነው፤ ጉድለት ሲገኝ ማሳወቅና ማረም፣ ዕቃው እንዴት እንደሚዘጋ የሚያስረዳ መመሪያም ማዘጋጀት አለበት። መመሪያውን ከፕሮፎርማው ጋር አብራችሁ ጠይቁ። ሻጩ ምን እንደሆነ ካላወቀ የሸጠውን ዕቃ አያውቀውም።

ከሦስቱ አንዱም የማያደርገው ነገር አለ። አሮጌው ፒኤልሲ የሚነጋገርበት ሞድባስ የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲወጣ የይለፍ ቃል የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ ዛሬም በፖርት 502 (እዚህ ላይ ፖርት የኔትወርክ በር ቁጥር ነው) የሚላክለትን ትእዛዝ ከማን እንደመጣ ሳይጠይቅ ይፈጽማል። ስዊቹ የቱንም ያህል ቢመሰከርለት ይህን አይቀይረውም። ለዚህ የሚያስፈልገው የትእዛዙን ዓይነት ለይቶ የሚያነብ የኢንዱስትሪ ፋየርዎል (የኔትወርክ በር ጠባቂ) ነው፦ ሂሳብ ክፍል የምርት ቁጥር እንዲያነብ 3 ቁጥር ትእዛዝን ያሳልፋል፤ እንደ 6 እና 16 ያሉትን የሚጽፉ ትእዛዞች ይመልሳል። ገንዘብ ካነሰ እኔ ከምስክር ወረቀቱ ቀንሼ እዚህ ላይ እጨምራለሁ።

ከመግዛት በፊት ናሙና አስመጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ፈትኑት። አምስት ጊዜ የተሳሳተ የይለፍ ቃል አስገቡ፤ ይቆልፋል? በቴልኔት ሞክሩት፤ ይከፍታል? ከዚያ ዋናው ፈተና ይመጣል፦ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስዊቹ ቢቃጠል የፈረቃው ኤሌክትሪሻን መለዋወጫውን ሰክቶ የተቀመጠውን ማስተካከያ ከማስታወሻ ካርድ መመለስ ይችላል? የማይችል ከሆነ መስመሩ እንዳይቆም ሲል ያንን ባለ አምስት ፖርት ፕላስቲክ መልሶ ይሰካል፤ አትፍረዱበት።

ምርጫው በአጭሩ ይህን ይመስላል። አዲስ መስመር የሚተከል ከሆነ፣ ወይም የጨረታ ሰነዱ ወይም የውጭው ደንበኛ ደረጃውን በስም ከጠየቀ የተመሰከረለትን ግዙ፤ በኋላ መቀየር ሁለት ጊዜ የውጭ ምንዛሪ መፈለግ ነው። አሮጌ ፒኤልሲ ላለው ነባር ፋብሪካ ያልተመሰከረለት ግን በደንብ የተዘጋ የኢንዱስትሪ ስዊች፣ ከኔትወርኩ መግቢያ ላይ አንድ ፋየርዎል ተጨምሮበት ይሻላል። ከምንም ጋር ያልተገናኘ አንድ ማሽን ብቻ ከሆነ ተራው የኢንዱስትሪ ስዊችና ቁልፍ ያለው ፓናል ይበቃሉ።

ያ ፋብሪካ ሁለተኛውን መንገድ መረጠ። ሞደሙ ተነቅሎ በፋየርዎሉ ተተካ። በእሱ ላይ የውጭ ባለሙያዎቹ መስመር የሚከፈተው ፓናሉ በር ላይ በተገጠመ የቁልፍ ማብሪያ ነው። ቁልፉን የያዙት እኒያ አንጋፋ ሰው ናቸው። በቀደም ስልክ ደውለው ልግባ ላሏቸው የመለሱትን ነገሩኝ፦ «ለምን ጉዳይ? ለስንት ሰዓት?»