ቪጋን መሆን ያቀለለልኝ ድስት፦ የኤሌክትሪክ ፕሬዠር ኩከር ከ8 ወር በኋላ

ሰላም ናችሁ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ፕሬዠር ኩከር ልጽፍላችሁ ነው ግን መጀመሪያ ለምን እንደገዛሁት ልንገራችሁ፣ አለዚያ ስለ አንድ ድስት ይሄን ያህል ማውራቴ ግራ ይገባችኋል። ከዓመት በፊት ገደማ አብዛኛውን ጊዜ ቪጋን ሆኜ ለመብላት ወሰንኩ። አብዛኛውን ጊዜ ስል ቤቴ ስጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ አይብ አላስገባም፣ ሰው ቤት ስጋበዝ ግን የቀረበልኝን እበላለሁ፣ ሰው ደክሞ የሰራልኝን መግፋት አልፈልግም። ቪጋን የሚለው ቃል ራሱ እንግሊዝ ሀገር በ1944 ነው የወጣው እና ትርጉሙ ከኔ አኗኗር በጣም የጠበቀ ነው ስለዚህ ሙሉ ቪጋን ነኝ አልልም።

እና በመጀመሪያዎቹ 4 ወራት 3 ጊዜ ጀምሬ 3 ጊዜ ተውኩት። ሰው ሁሉ ስጋ አምሮሽ ነው ይለኛል። አይደለም! ስጋ አምሮኝ ሳይሆን እርቦኝ ነው የተውኩት። ማታ ደክሞኝ ቤት እገባለሁ፣ ሽንብራው ቁምሳጥን ውስጥ እንደ ጠጠር ደርቆ ተቀምጧል፣ ጠዋት መዘፍዘፍ ረስቻለሁ፣ አሁን ብጥደው ደሞ እኩለ ሌሊት ይሆናል፣ በቃ ዳቦ በማርማላታ በልቼ እተኛለሁ። ይሄ 3 ቀን ሲደጋገም ሰውነቴ ይደክማል፣ በ4ኛው ቀን እጄ የገባውን እበላለሁ። ችግሩ የፍላጎት ሳይሆን የበሰለ ጥራጥሬ ቤት ውስጥ አለመኖሩ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። የቆርቆሮውም ሞክሬያለሁ፣ አሪፍ ነው ግን ብዙዎቹ ጨው ይበዛባቸዋል፣ በየቀኑ ስትበሉት ደሞ የቆርቆሮው ክምር ያሳዝናል።

እሺ ወደ ዕቃው። የኔ 6 ሊትር ነው፣ የውስጡ ድስት ብረት ነው (የማያጣብቅ ቅብ ያለውን አልወሰድኩም፣ ቅቡ ሲላጥ ሙሉ ድስት መቀየር ስለሚያስፈልግ)። አሰራሩ ቀላል ነው፣ ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ እንፋሎቱ መውጫ ስለሌለው ግፊቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ሲጨምር ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይፈላም፣ ኤሌክትሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 115 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፣ ምድጃ ላይ የሚጣደው ደህና ፕሬዠር ደሞ እስከ 120 ይሄዳል። ከፍታ ቦታ ለምትኖሩ ሰዎች ይሄ ነገር ትልቅ ለውጥ ነው፣ 2,000 ሜትር ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ተራ ድስት ላይ ሽንብራ እስኪበስል በጣም ይቆያል። በፕሬዠርም ቢሆን ከ600 ሜትር በላይ ለየ300 ሜትሩ ሰዓቱ ላይ 5 ፐርሰንት ገደማ ጨምሩበት፣ መመሪያው ላይ የተጻፈው ደቂቃ ለዝቅተኛ ቦታ ነው።

አሁን እውነቱን ልናገር፣ «ሽንብራ በ15 ደቂቃ» የሚለው ማስታወቂያ ሙሉ አይደለም። 15 ደቂቃው ግፊቱ ከሞላ በኋላ ያለው ነው፣ ያውም ለተዘፈዘፈ ሽንብራ። ግፊት እስኪሞላ 10 ወይም 15 ደቂቃ፣ ሲያልቅ ደሞ እንፋሎቱ በራሱ እስኪወጣ 15 ወይም 20 ደቂቃ አለ፣ ሲደማመር 50 ደቂቃ ገደማ ነው። ቫልቩን (ክዳኑ ላይ ያለውን የእንፋሎት ማውጫ) ወዲያው ብትከፍቱት አረፋው ይተፋል፣ ጥራጥሬውም ይፈነዳል። ግን እኔን የጠቀመኝ ፍጥነቱ አይደለም! በነዛ 50 ደቂቃዎች አጠገቡ መቆም አያስፈልግም፣ ከፍቼው ሻወር እገባለሁ፣ ስልክ አወራለሁ፣ ሲጨርስ ራሱ ይጠፋል እና ሙቀቱን ይጠብቅልኛል። መዘፍዘፍ የረሳሁ ቀን እንኳን 45 ደቂቃ ግፊት ሰጥቼው ማታውኑ እራት ይደርሳል። ድፍን ምስር ደሞ ጭራሽ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም፣ 9 ደቂቃ በቂው ነው።

እሁድ እሁድ 2 ዙር አበስላለሁ፣ አንዱ ሽንብራ አንዱ ቦሎቄ ወይ ምስር፣ አንድ ኩባያ ደረቁ ሲበስል ሁለት ተኩልም ሦስትም ይሆናል፣ ለ3 ቀን የሚሆነውን ፍሪጅ፣ የቀረውን በትንንሽ ዕቃ ፍሪዘር። ከዚህ በኋላ ቪጋን መብላት ትግል መሆኑ ቀረ፣ ማታ ስገባ የበሰለ ነገር አለ፣ ሽንኩርት ጠብሼ እጨምርበታለሁ አለቀ። እህቴ ሁሌ «ፕሮቲን ከየት ታገኛለሽ?» ትለኛለች፣ 100 ግራም የበሰለ ምስር ውስጥ 9 ግራም ገደማ አለ፣ ከእህል ጋር ሲሆን ደሞ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል፣ የግድ በአንድ ሰሃን መሆን የለበትም በቀኑ ውስጥ ከተበላ ይበቃል።

የሽንብራውን ውሃ አትድፉት። ጨው ሳይገባበት ከተቀቀለና ወፈር ካለ ስትመቱት እንደ እንቁላል ነጭ ይኮፈሳል፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የአንድ እንቁላል ቦታ ይተካል፣ ፈረንሳዊው ጆኤል ሮሰል በ2014 ነው ይሄን ያሳየው። እኔ ኬክ ውስጥ እጠቀመዋለሁ፣ በጣም ደስ ይላል።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ። እነዚህ ድስቶች ላይ «ስሎው ኩክ» የሚል በተን አለ (ያለ ግፊት በዝቅተኛ ሙቀት ለረጅም ሰዓት የሚያበስል)፣ ቀይ ቦሎቄ በሱ እንዳታበስሉ። ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ፊቶሄማግሉቲኒን የሚባል መርዛማ ነገር አለ፣ 4 ወይም 5 ጥሬ ፍሬ እንኳን ያስመልሳል፣ ሆድም ያዋክባል፣ ስሎው ኩኩ ደሞ ሙቀቱ ካነሰ ሳያጠፋው ቀርቶ ከጥሬው ሊያብሰው ይችላል። ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉ፣ በአዲስ ውሃ በደንብ ይፍላ ወይም በፕሬዠሩ ይብሰል። መመሪያው ወረቀት ላይ ይሄ በትልቁ መጻፍ ነበረበት፣ የኔ ላይ የለም፣ በዚህ በጣም ተናድጃለሁ።

ሌላው ችግር ጎማው ነው። የክዳኑ ጎማ ሽታ ይይዛል፣ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ነገር ሰርቼ በማግስቱ አጃ ስሰራ አጃው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት አለኝ፣ ስለዚህ ሁለት ጎማ ግዙ፣ አንዱ ለጣፋጭ አንዱ ለጨው። የመጀመሪያውን ድስት የገዛሁበት ሱቅ ጎማው የተሰነጠቀ ሰጥቶኝ አልቀይርም ብሎኝ ነበር፣ ሳትከፍሉ ክዳኑን ከፍታችሁ በጣታችሁ ዳር ዳሩን ዳሱ። ጥራጥሬ ስታበስሉ ከግማሽ በላይ አትሙሉ፣ አረፋው ቫልቩን ይደፍነዋል፣ አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ ማድረግ አረፋውን ይቀንሳል። የቲማቲም ድልህ ከታች ካስገባችሁ ያርና ማሽኑ ይቆማል፣ ቲማቲምም ሎሚም ከበሰለ በኋላ ይግባ፣ ኮምጣጣ ነገር ጥራጥሬውን ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርገዋል።

ድስቱ የማይፈታው ነገር ቫይታሚን ቢ 12 ነው። ይሄን ሳልጽፍ ባልፍ ህሊናዬ አያርፍም ምክንያቱም በዚህ የተጎዳ ሰው አውቃለሁ። ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ የትኛውም ቢ 12 አይሰጣችሁም፣ ስፒሩሊና ውስጥ ያለውም በአብዛኛው ሰውነት የማይጠቀምበት ዓይነት ነው። አዋቂ ሰው በቀን 2.4 ማይክሮግራም ያስፈልገዋል፣ ጉበት ለዓመታት ሊያስቀምጥ ስለሚችል ጉድለቱ ቶሎ አይታወቅም፣ ሲታወቅ ደሞ ነርቭ ላይ ሊሆን ይችላል። ከእንስሳ የሚመጣውን እንደኔ አልፎ አልፎ ብቻ የምትበሉ ከሆነ ኪኒን ውሰዱ ወይም ቢ 12 የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት በየቀኑ ጠጡ፣ በዓመት አንዴ ደማችሁን ተመርመሩ። አይረንም (ለደም የሚያስፈልገው ማዕድን) ላይ፣ በተለይ ሴቶች፣ ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ሎሚ ወይ ቃሪያ ከምግቡ ጋር አድርጉ፣ ሻይና ቡናውን ከምግብ ጋር ሳይሆን ሰዓት ቆይታችሁ ጠጡ፣ እኔ ይሄን ካስተካከልኩ በኋላ ነው ማዞሩ የለቀቀኝ።

ብቻዬን ነኝ ወይም ሁለት ነን ለምትሉ 3 ሊትሩ ይበቃል ብለው ይነግሯችኋል፣ እኔ አልስማማም፣ ከግማሽ በላይ ስለማይሞላ 3 ሊትሩ ላይ የሳምንቱን አንዴ ማብሰል አይቻልም፣ 6 ሊትሩን ውሰዱ። ሆዳችሁ ጥራጥሬ ካልለመደ ደሞ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ከግማሽ ኩባያ አትለፉ፣ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ መንፋቱ ሳምንታት ሲያልፉ ይቀንሳል።