የአይፎን ፎቶ ፎቶ ቤት ሲደርስ ለምን አይከፈትም?

ስለ አይፎን ካሜራ ጥራት ብዙ ተብሏል። እኔ የማወራው ፎቶው ከተነሳ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ ነው።

አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 አይኦኤስ 11ን ሲያወጣ የፎቶ ፋይሉን ዓይነት ቀየረው። ከአይፎን 7 ጀምሮ ያሉት ስልኮች በጄፔግ ፈንታ ሄይክ በሚባል ዓይነት ማስቀመጥ ጀመሩ። ምክንያት አለው። ጄፔግ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ያለ አሮጌ ነገር ነው፤ ሄይክ ደግሞ ያንኑ ፎቶ በግማሽ ገደማ ቦታ ይይዘዋል። 64 ጊጋ ስልክ ይዞ "ስቶሬጅ ሞልቷል" የሚለው መልእክት ያሰለቸው ሰው ይሄ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያውቀዋል። እስከዚህ ድረስ አፕልን አመሰግናለሁ።

ችግሩ ፎቶው ከስልኩ ሲወጣ ነው። ሰፈራችን ያለው ፎቶ ቤት ኮምፒውተሩ አሁንም ዊንዶውስ 7 ነው። የልደት ፎቶ ለማሳጠብ በፍላሽ ወስጄ፣ ልጁ አንዱን ፋይል ክሊክ ሲያደርግ አልከፈት አለው፣ ሌላውንም ሞከረ፣ ከዚያ ዞር ብሎ "እህቴ፣ ፎቶው ተበላሽቷል" አለኝ። ምንም አልተበላሸም። ኮምፒውተሩ ነው የማያውቀው። ዊንዶውስ 10 ላይም ቢሆን ከማይክሮሶፍት ስቶር ሁለት ማሟያ ማውረድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ አንዱ ነፃ ነው፣ ሌላው 99 የአሜሪካ ሳንቲም ይጠይቃል። ሳንቲሙስ ይሁን፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ይመጣል?

እውነቱን ለመናገር አፕል ዝም ብሎ አልቀየረም፤ መሸጋገሪያ ድልድይ ሠርቷል። ፎቶ በኢሜይል ስትልኩ ስልኩ ራሱ ወደ ጄፔግ ቀይሮ ይልከዋል። ቴሌግራም ላይም እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ተቀባዩ ምንም አያውቅም። ጥራቱ እንዳይቀንስ ብላችሁ እንደ ፋይል ስትልኩት ግን ሄይክ እንደሆነ ሊደርስ ይችላል። ያው ስልክ፣ ያው ፎቶ፣ ውጤቱ ግን የትኛውን እንደነካችሁ ይለያያል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

በኬብል ወደ ዊንዶውስ መገልበጥማ አይነሳ። ሴቲንግ ውስጥ "ፎቶስ" የሚለው ገጽ መጨረሻ ላይ (በቅርቦቹ አይኦኤሶች ደግሞ "አፕስ" ውስጥ ገብቶ ተደብቋል) ፎቶ ወደ ኮምፒውተር ሲተላለፍ ምን ይሁን የሚል ምርጫ አለ። "አውቶማቲክ" ላይ ከሆነ ስልኩ እየገለበጠ ወዲያው ወደ ጄፔግ ይቀይራል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ፎቶው ሲበዛ መሃል ላይ ቀጥ ይልና ዊንዶውስ "የተሰካው መሣሪያ አይሠራም" የሚል መልእክት ያወጣል። ብዙ ሰው ያጋጠመው ነገር ነው፣ የሚሰጠው ምክርም አንድ ዓይነት ነው፦ "ኪፕ ኦሪጅናልስ" የሚለውን ምረጡ። ያኔ ቅጂው ያልቃል። የተገለበጠው ግን ሄይክ ነው! ድልድዩ ሲወዛወዝ መፍትሔው ድልድዩን ማንሳት ሆነ ማለት ነው።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ወርድን ከዶክ ወደ ዶክኤክስ ሲያሸጋግር፣ ኦፊስ 2003 ይዞ የቀረው ሰው አዲሱን ፋይል እንዲከፍት ነፃ ማሟያ አውጥቶለት ነበር። አሮጌ ኮምፒውተር የያዘውም ሰው ታስቦበታል። አፕል ያሰበው ለላኪው ነው፤ ተቀባዩ እንደፍጥርጥሩ።

የእኛ ሀገር ብቻ ችግር ነው እንዳትሉ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የኤፒ ፈተና (የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚወስዱት የኮሌጅ ደረጃ ፈተና) በኢንተርኔት ሲሰጥ፣ መልሳቸውን በእጅ ጽፈው በአይፎን አንስተው የላኩ ተማሪዎች ሲስተሙ ሄይክ አልቀበል ብሏቸው ሰዓት አልቆባቸዋል። ድጋሚ ለመፈተን የተገደዱ ነበሩ።

እኛ ጋ ደግሞ ዲቪ አለ። የዲቪ ፎቶ ጄፔግ መሆን አለበት፣ ከ240 ኪሎባይት መብለጥ የለበትም፣ አራቱም ጎኑ እኩል ሆኖ ከ600 እስከ 1200 ፒክስል። አንዳንዱ ሰው የፋይሉን ስም መጨረሻ ብቻ ወደ ጄፔግ ይቀይርና የተቀየረ ይመስለዋል። ስሙ ነው የተቀየረው፣ ውስጡ ያው ሄይክ ነው።

ስለዚህ ፎቶ ቤት ለሚመላለስ፣ ፎርም ለሚሞላ ወይም ዘመዶቹ አሮጌ ኮምፒውተር ለሚጠቀሙ ሰው ምክሬ፦ ሴቲንግ፣ ከዚያ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማትስ ገብታችሁ "ሞስት ኮምፓቲብል" የሚለውን ምረጡ። ከዚያ በኋላ የምታነሱት ጄፔግ ይሆናል። የድሮዎቹ ግን እንዳሉ ይቀራሉ፣ እነሱን ለየብቻ መቀየር ነው። ዋጋም አለው፦ ስልኩ ቶሎ ይሞላል፣ በ4ኬ ጥራት በሰከንድ 60 ፍሬም ቪዲዮ መቅረጽም አይቻልም። ቪዲዮ ሥራችሁ ከሆነ አትንኩት።

ለሄይክ ራሱ ከአምስት አራት ተኩል እሰጣለሁ። ለአሸጋገሩ ሁለት፤ እሱም ለኢሜይሉ ብዬ ነው።