ስቲከሩ ሲላጥ ዋስትናውም አብሮ ይላጣል?

የኮምፒውተር ዕቃ ለመግዛት ከሆነ ይህን ሱቅ እመክራለሁ። በዋስትና ዕቃ ለመመለስ ከሆነ ግን አሁን ባለው አሠራር አልመክርም።

ሱቁ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ነው። ስሙን የማልጠራው እሱን ብቻ ነጥዬ መውቀስ ስለማልፈልግ ነው፤ በዚሁ መንገድ የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ዋጋቸው ከጎረቤቶቻቸው ቀነስ ይላል። ልጆቹ ትሑት ናቸው፣ ዕቃውንም ያውቁታል። «የትኛው ይሻለኛል?» ስትሏቸው ውዱን ብቻ አይገፉባችሁም። ለምን ትጠቀሙበታላችሁ ብለው ይጠይቃሉ። ይሄ አዲስ አበባ ውስጥ እንደልብ የሚገኝ ነገር አይደለም።

እኔ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። አንድ ሠርግ በፎርኬ፣ ማለትም በከፍተኛ የምስል ጥራት፣ ሲቀረጽ በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ፈጣን ዲስክ ለኔ ቅንጦት አይደለም። ባለ 1 ቴራባይት ኤም ዶት ቱ ኤስኤስዲ (ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሰካ ስስና ፈጣን ዲስክ) ገዛሁ፣ የታወቀ ብራንድ፣ ፓክድ። የሱቁ ዋስትና 1 ዓመት ነው። እዚያው ገጠሙልኝ። ቴክኒሻኑ እንዳይግል ብሎ ከላዩ ሂትሲንክ፣ ማለትም ሙቀት የሚስብ ብረት፣ አሰረበት፣ በመሃል ሙቀቱን ወደ ብረቱ የምታስተላልፈውን ግራጫ ለስላሳ ተርማል ፓድ አድርጎ። ሥራው ንጹሕ ነበር። የዲስኩ ማሸጊያ ትንሿ ካርቶን እዚያው ጠረጴዛቸው ሥር ቀረች። ያዢያት ያለኝ ሰው የለም።

ዲስኩ የተበላሸው በጥር፣ በሠርግ ወቅት ነው። ፋይሎቹ ይታያሉ፣ ይከፈታሉም። አዲስ ነገር ጻፍ ሲሉት ግን አሻፈረኝ አለ። ኤስኤስዲ ሲጎዳ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል፤ ያለውን ለማትረፍ ራሱን ቆልፎ ማንበብ ብቻ ይፈቅዳል። ሲፒዩውን ተሸክሜ ሄድኩ።

ያው ቴክኒሻን ፈታው። ሂትሲንኩን ሲያነሳው ፓዱ ከዲስኩ ስቲከር ጋር ተጣብቆ ኖሮ ስቲከሩን ገሽልጦት ተነሳ። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ባርኮዱ መሃል ለመሃል ተቀደደ። አብዛኛው ጽሑፍ ፓዱ ላይ ተገልብጦ ቀረ። ዲስኩ ላይ የቀረችው የቀኟ ጫፍ ብቻ ናት፤ የሲሪያል ቁጥሩ፣ ማለትም ያንን አንድ ዕቃ ከሌላው የሚለየው ቁጥር፣ መጨረሻ ጥቂት ፊደላትና አኃዞች ይነበቡባታል። ልጁ በጣም ደነገጠ። እኔም በሱ አልፈርድም፤ የተርማል ፓድ ጠባዩ ይሄው ነው። ለወራት ሲግል ሲበርድ ከርሞ ይጣበቃል።

የዋስትና ክፍሏ ልጅ ዲስኩን ገልበጥ አድርጋ አየችውና፣ «እህቴ፣ ይሄ እኮ ሲሪያል የለውም። ሲሪያል የሌለው ዕቃ አንቀበልም» አለችኝ።

«አሁን እዚህ እናንተው ናችሁ ያነሳችሁት» አልኳት።

«ገብቶኛል፣ ግን አቅራቢው አይቀበለንም።»

እሷም አልዋሸችም። አብዛኞቹ አምራቾች የዋስትና ውላቸው ውስጥ ሲሪያል ቁጥሩ የተላጠ፣ የተፋቀ ወይም የተቀየረ ዕቃ ዋስትና የለውም ብለው በግልጽ ይጽፋሉ። ለዚህም በቂ ምክንያት አላቸው። ሲሪያል ቁጥር ባይኖር ማንም ሰው የሞተ አሮጌ ዲስኩን ይዞ በአዲሱ ደረሰኝ ይቀይር ነበር። ማጭበርበሩ ደግሞ ከገዢ በኩል ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ላይ አውሮፓ ውስጥ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዓታት የሠሩ የሲጌት ሃርድ ዲስኮች አዲስ ተብለው ሲሸጡ ተገኝተዋል። የአገልግሎት ሰዓታቸውን የሚቆጥረው መዝገብ ወደ ዜሮ ተመልሶ ነበር። ያጋለጣቸው አጭበርባሪዎቹ ያልነኩት ሌላ የውስጥ መዝገብ ነው። ስለዚህ ሱቅ ቁጥር መጠየቁን አልቃወምም። አጥብቆ ይጠይቅ።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ሲሸጥልኝ ያልመዘገበውን ቁጥር ሲመለስለት በምን አፉ ይጠይቀኛል?

የካሽ ሬጅስተር ደረሰኜን አውጥቼ አሳየኋት። «ኤስኤስዲ 1 ቴራ» ይላል፣ አለቀ። ሞዴል የለ፣ ቁጥር የለ። ሱቁ ራሱ የለጠፈው ክብ የዋስትና ምልክት ላይ ደግሞ በማርከር የተጻፈ ቀን ብቻ አለ። ስቲከሩ ሳይላጥ ብመጣስ ኖሮ ያ ዲስክ እነሱ የሸጡልኝ መሆኑን በምን ያረጋግጡ ነበር? በምንም። ቁጥሩን የሚያስተያዩበት መዝገብ የላቸውም። ቁጥሩ የሚያስፈልጋቸው እምቢ ለማለት ሲሆን ብቻ ነው ማለት ነው። ያናደደኝ ይሄ ነው፣ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

የተላጠው ወረቀቱ ነው፤ ቁጥሩ አልጠፋም። ኤስኤስዲም ሃርድ ዲስክም ቁጥሩን ውስጡ ይዞታል። እስከተነበበ ድረስ ኮምፒውተሩ ጠይቆ ያወጣዋል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሞዴሉን፣ ሲሪያል ቁጥሩን፣ ስንት ሰዓት እንደሠራና ምን ያህል ዳታ እንደተጻፈበት ባንድ ገጽ ያሳያል። ላፕቶፕም እንዲሁ ነው። የዴል ሰባት ፊደልና አኃዝ ያለው ሰርቪስ ታግ (የዴል መለያ ቁጥር) ከሥሩ ቢፋቅ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ በሚሠራው ፕሮግራም ውስጥ፣ ይገኛል። ብዙ ኤችፒዎች ላይ ቁጥሩን ለማየት ኪቦርዱ ላይ ያሉትን የኤፍኤን እና የኢኤስሲ ቁልፎች አንድ ላይ መጫን ይበቃል። ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን ይሄ አይሠራም፤ የሱ ቁጥር ያለው ስቲከሩ ላይ ብቻ ነው። ራምም ብዙ ጊዜ አያስተማምንም።

ማናጀሩን አስጠራሁ። «ይቅርታ፣ እርስዎ ፊት አንዴ ይሰካና ቁጥሩን አብረን እንየው» አልኳቸው። መጀመሪያ ላይ አቅራቢው ስቲከር ነው የሚያየው ብለው ነገሩን ሊዘጉት ነበር። በኋላ ግን ተቀመጡ፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ቴክኒሻኑ ዲስኩን በዩኤስቢ ማቀፊያ አድርጎ ሰካው። ቁጥሩ ወጣ። ዲስኩ ላይ የቀረችውን ቁራጭ ከስክሪኑ አጠገብ አስጠግተን አነበብን፤ መጨረሻው ከፊደል ፊደል ገጠመ። ሙሉ ቁጥሩን አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገባነው። ዲስኩ የታወቀ መሆኑንና ገና ብዙ ዓመት ዋስትና እንደሚቀረው መለሰ። ማናጀሩም ዝም ብለው አዩና «ይግባ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አሳጥረዋለሁ። ምትክ ሰጡኝ፣ ግን ጥር ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ እየተንፏቀቅኩ ሠራሁ። የሰጡኝ ምትክ ሌላ ብራንድ ነው፣ መጠኑ ያው ነው። የተበላሸው የአምራቹ ዋስትና 5 ዓመት ነበር፤ የአዲሱ 3 ዓመት ነው። ይሄንን ሳይነግሩኝ ሊያስረክቡኝ ነበር፤ ማሸጊያው ላይ አንብቤ ነው የደረስኩበት። ስጠይቅ «አሁን ያለን እሱ ነው» አሉ። ልዩነቱን በብር ሊያካክሱ አልፈለጉም። ኮከብ ከቀነስኩበት ምክንያት አንዱ ይሄ ነው።

ሌላው ማንም የማያነሳው ጉዳይ ነው። ዲስኩ ላይ የሰዎች ሠርግ አለ። የሙሽሮች ቤት፣ የእናቶች እንባ፣ ሕፃናት፣ የጓዳ ቀረጻ ሁሉ። እኔ ቅጂ አለኝ፣ ስለዚህ ሥራዬ አልጠፋም። ግን ራሱን የቆለፈ ዲስክ ውስጥ ያለው አይጠፋም፣ ፎርማትም አይደረግም። ሱቁ ተቀብሎኝ ለአቅራቢ ያስረክባል፣ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። የመረከቢያ ወረቀታቸው ላይ ስለ ዳታ አንድ መስመር የለም። እኔ በእጄ ጽፌ ጨመርኩበት፦ ውስጡ ያለው ቪዲዮ እንዳይከፈት፣ እንዳይገለበጥ። ማናጀሩም ፈርመውበታል። እንደኔ የሰው ምስል የምትይዙ ካላችሁ አዲስ ዲስክ ስትገዙ ከመጀመሪያው ቀን በቢትሎከር፣ ማለትም በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ ቆልፉት። ያኔ ዲስኩ ማንም እጅ ቢገባ ያለ ቁልፉ ምንም አያሳይም።

ሕጉን በተመለከተ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ኤስኤስዲ ግን በ15 ቀን እምብዛም አይበላሽም። ከዚያ በኋላ የሚያድናችሁ ሻጩ የገባላችሁ ዋስትና ነው። እሱ ደግሞ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ በሱቁ መልካም ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ለዚህ ነው ከዚህ ሱቅ የምፈልገው ነገር ትንሽ የሚመስለው፣ ግን ትልቅ የሆነው። ሲሸጡ ሞዴሉንና ሲሪያል ቁጥሩን ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጽፈው ማኅተም ያድርጉበት። ሂትሲንክ ከማሰራቸው በፊት ስቲከሩን በስልክ ፎቶ ያንሱትና ለገዢው በቴሌግራም ይላኩለት። ይሄ ስንት ደቂቃ ይወስዳል? ፒያሳ ያለ አንድ ትንሽ ሱቅ ከራም እስከ ፓወር ሰፕላይ ድረስ ቁጥሩን በካርኒ ላይ እየጻፈ ሲሸጥ አይቻለሁ። ዋጋው ትንሽ ይበልጣል። ለዋስትና የሄደች ጓደኛዬ ግን ያለ ምንም ክርክር ነው የተስተናገደችው።

ነጥብ ልስጥ። ለዋጋና ለምክር ከ5 ኮከብ 4። ለገጠማ ሥራ 4። ለዋስትና 2፣ ሁለተኛዋም ማናጀሩ ቁጭ ብለው ስላዩልኝ ብቻ ነው። ምትኩን ስረከብ አዲሱን ቁጥር ደረሰኙ ላይ እንዲጽፉልኝ ጠየቅኩ። የዋስትና ክፍሏ ልጅ ጻፈችልኝ፣ ማኅተምም አደረገችበት። ከኔ ቀጥሎ ተሰልፎ የነበረው ልጅ ይሄን አይቶ «ለኔም ይጻፍልኝ» አለ። ለሱም ጻፈችለት።